የዱጉማ ጥሩምባና ሎሚ የምትባለው ድመት

ዱጉማ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበር። ከጠመንጃ ያዥ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሰው ሲሞት፣ ሊነጋጋ ሲል ካፖርቱን ደርቦ ይወጣና በየመንገዱ መገናኛ ቆሞ ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ይነፋል። ከዚያ የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ቦታና ሰዓቱን ይናገራል። ይህን ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን የምጽፈው ከመዝገብ ነው።

ወደ ሰፈራችን የመጣው በወጣትነቱ ከአምቦ በኩል ነው። መጀመሪያ ጎሚስታ ነበር፤ ሜክሲኮ አካባቢ የመኪና ጎማ ሲለጥፍና ሲነፋ ብዙ ዓመት ኖሯል። ጥሩምባውን ከተረከበ በኋላ ሰዎች «ዱጉማ ድሮም ጎማ የሚነፋው በአፉ ነበር» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ መልስ አይሰጥም። ቀልድ የሚጠላ ሰው አይደለም፤ በሥራው ሲቀለድ ግን ዝም ማለት ይወዳል። ቁመቱ ረጅም፣ አንገቱ ቀጭን፣ አነጋገሩ አጭር ነው። የሐምሌ ዝናብም ሆነ የግንቦት ሙቀት፣ ሞት ሊናገር ሲወጣ ያለ ኮፍያና ያለ ካፖርት ወጥቶ አያውቅም።

ጥሩምባው ረጅም የቆርቆሮ ጥሩምባ ሲሆን ጫፉ ላይ ከንፈር የሚያርፍበት ተነቃይ ናስ አለው። ዱጉማ መንፊያ ይለዋል። ትንሽ የሲኒ ቅርጽ ያለው፣ ከሥሩ አጭር እግር ያለው ነገር ነው። ያለ መንፊያው ጥሩምባው ቱቦ ማለት ነው፤ ቢነፉት ትንፋሽ ያልፍበታል እንጂ አይጮህም። ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል መንፊያው ግን ዱጉማ ትራስ ሥር ነበር የሚያድረው። ምክንያቱን አንድ ቀን ጠይቄው፣ «ጠዋት የቀዘቀዘ ናስ ከንፈር ይይዛል፤ ድምፅ ይሰብራል» አለኝ። ትራስ ሥር ያደረ ናስ ሞቆ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ከንፈሩ እንዳይሰነጠቅ ማታ ማታ የጥፍር ጫፍ የምታህል ቅቤ ይቀባዋል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም፤ ራሱ ሞክሮ የደረሰበት ዘዴ ነው። ለኋላው ነገር መነሻ የሆነው ይኸው ቅቤ ነው።

ዱጉማ የእድሩ ዕቃ ጠባቂም ነው። ዕቃ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቅ ድስቶቹና ሳህኖቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በክረምት አይጥ ድንኳኑን በላብን። ኮሚቴው ተሰበሰበ። መርዝ እንዳይጨመር ለቀስተኛ የሚበላበት ድስት እዚያው አለ። ወጥመድ ተሞከረ፤ የያዘው የዱጉማን አውራ ጣት ብቻ ነው። በመጨረሻ ድመት ትምጣ ተባለ። ድመቷ ንብረት መዝገብ ላይ ትስፈር አትስፈር በሚለው ላይ ብዙ ተነጋገርን። በእግሯ ወጥታ የምትሄድ ነገር ንብረት ተብላ አትመዘገብም ብዬ የተቃወምኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳቤ አለፈ። ስለዚህ ድመቷ የዱጉማ ሆነች።

ሰንጋ ተራ ካለ አንድ ሥጋ ቤት የተገኘች፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ግልገል ነበረች። ቢጫ ስለሆነች የዱጉማ ሚስት ኮከቤ «ሎሚ» አለቻት። ዱጉማ በዕቃ ቤቱና በመኝታ ክፍሉ መካከል ካለው ግድግዳ ሥር እሷን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈተላት። አድጋ ሥራ በጀመረች በሦስት ወር ውስጥ አይጥ የሚባል ነገር ከዕቃ ቤቱ ጠፋ።

ሥራዋ ሲቀል ጨዋታ አማራት። ድመት መጫወቻዋን አማርጣ እንደምትይዝ እኔ ያወቅሁት በዱጉማ ቤት ነው። በግቢያቸው ተከራይታ የምትኖር መቅዲ የምትባል፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ አለች። ሎሚን ስለምትወዳት ሜክሲኮ ካለ ሱቅ ሆዱ ውስጥ ቃጭል ያለበት የጨርቅ አይጥ ገዝታ አመጣችላት። ሎሚ አንድ ጊዜ አሸተተችውና ሄዳ ተቀመጠችበት።

«ምነው ጠላችው?» አለች መቅዲ።

«አልጠላችውም። ትራስ ያመጣሽላት መስሏት ነው» አለች ኮከቤ።

መቅዲ ተስፋ ሳትቆርጥ ከቢላል ሱቅ የለስላሳ ቆርኪ ለቅማ ሰጠቻት። ቆርኪው ይሻል ነበር። በሲሚንቶው ወለል ላይ እየተንሸራተተ ሲንኳኳ ሎሚ ወዲያና ወዲህ ታባርረዋለች። ችግሩ፣ ሄዶ ቁም ሣጥን ሥር ከገባ በኋላ አይመለስም። ሎሚ ሥሩ ተኝታ እጇን ትዘረጋለች፤ ሲያቅታት ፊቷን ወደ ኮከቤ አዙራ ትጮሃለች። ኮከቤም በመጥረጊያ እንጨት እየጎረጎረች ታወጣላታለች። በሁለት ሳምንት ኮከቤ ወገቧን አመማትና ቆርኪው ቀረ። የፋሲካ ዶሮ ላባ ደግሞ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቆየው፤ በላችው።

ከዕለታት አንድ ቀን ማታ ዱጉማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መንፊያውን ቅቤ ሲቀባ አዳለጠውና ወለሉ ላይ ወደቀ። መንፊያው ባንድ በኩል ሰፊ በሌላው ጠባብ ስለሆነ በቀጥታ አይንከባለልም፤ ክብ ሠርቶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ሎሚ መታችው። ዞሮ መጣላት። ደግማ መታችው፤ አሁንም መጣላት። በዚያ ላይ የቅቤ ሽታ አለው። ዱጉማ ሲስቅ በዓመት ሁለቴ ቢታይ ነው፤ ያን ቀን ማታ ግን ኮከቤ ከጓዳ ሆና ሳቁን ሰምታ ምን ሆነ ብላ መጣች።

«ዱጉማ፣ የሞት መጥሪያ ለድመት መጫወቻ ይሰጣል?»

«አትሰብረውም።»

«መስበሩን ተወው። አንተ ትቀባለህ፣ እሷ ትልሳለች፣ ጠዋት ደግሞ አንተ አፍህ ላይ ታደርገዋለህ። ከናንተ የትኛችሁ ድመት እንደሆናችሁ ማን ያውቃል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ያጫውታት ጀመር። ሲበቃው መንፊያውን በካፖርቱ ጫፍ ይጠርግና ትራሱ ሥር ያደርገዋል። ሎሚ ሌላ መጫወቻ ዞር ብላ አላየችም።

ነገሩ በዚህ እያለ ተሰማ የእድሩ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። ተሰማ በሰፈሩ ተወልዶ ያደገ፣ በመሥሪያ ቤቱ አለቃ የሆነ፣ ነገር በወረቀት መያዝ የሚወድ ሰው ነው። ቤታቸው ፈርሶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የገቡ አባሎቻችን ጥሩምባው ስለማይሰማቸው ቀብር ያመልጣቸው ነበር። ስለዚህ መቅዲ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተችና ሞት ሲኖር በዚያም ይነገር ጀመር። ይህ መልካም ነበር። በጥር ስብሰባ ላይ ግን ተሰማ ከዚህ በኋላ ጥሩምባው ይቅር የሚል ሐሳብ አቀረበ።

«ጋሽ ዱጉማ አይከፉ» አለ። «ግን እርስዎም ሰው ነዎት። አንድ ቀን ቢያምዎት፣ ቢደክምዎት፣ ያን ቀን የሚሞተው ሰው ሳይነገርለት ሊቀር ነው?»

ዱጉማ ተነሣ። «ተሰማ፣ ያባትህን ቀብር የጠራሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ትኩሳት ነበረብኝ። አወቅህ?»

«አላወቅሁም።»

«እንግዲህ አትወቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። አንድ ቀን የሞት ጥሪ ሳልነፋ የቀረሁ ዕለት ጥሩምባውን ማንም ሳይጠይቀኝ አስረክባለሁ። ፈቃደ፣ ጻፈው።»

ፈቃደ እኔ ነኝ። ቃል በቃል ጻፍኩት። ተሰማም ጉዳዩ ለሚያዝያው ጠቅላላ ስብሰባ ይቆይ አለ።

በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ ወለተሰንበት አረፉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ከዱጉማ ቤት ስድስተኛው ቤት ነው የሚኖሩት። ያስታመመቻቸው አንዲት ልጃቸው ጽንዓት ናት፤ ሰንጋ ተራ ያለውን ቤቷን ዘግታ ሦስት ዓመት ከእናቷ ጋር ኖራለች። ጎረቤት መጥቶ የዱጉማን በር አንኳኳ። ዱጉማ ልብሱን ለበሰ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ጥሩምባውን ከግድግዳ አወረደና እጁን ትራሱ ሥር ሰደደ። መንፊያው የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ኮከቤ ናት። ትራሱ ተገለበጠ፣ ፍራሹ ተነሣ፣ ቁም ሣጥኑ ተጎተተ። ከሥሩ አሥራ ምናምን ቆርኪ ተገኘ። ዱጉማ ባትሪ ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ፤ ድስቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ፣ መደርደሪያውን ዳሰሰ። ሎሚ በሩ ላይ ተቀምጣ እጇን ትልስ ነበር።

«ትላንት ማታ አጫወትካት?» አለችው ኮከቤ።

«አጫወትኳት።»

«ትራስ ሥር አደረግኸው?»

ዱጉማ አሰበ። ማድረጉን አስታወሰ። የጠፋው ሲተኛ ይሁን ሲነሣ አላወቀም። መፈለግ ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሰማዩም ነጣ። ጥሩምባውን መልሶ ግድግዳው ላይ ሰቀለና ባዶ እጁን ወጣ።

መጀመሪያ ካንኳኳቸው በሮች አንዱ የእኔ ነበር። ስከፍት ኮፍያውን አወለቀ።

«ወይዘሮ ወለተሰንበት አርፈዋል። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት፣ ልደታ።»

«ነፍስ ይማር። ጥሩምባውስ?»

«ዛሬ አይነፋም» አለና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

በዚያ ጠዋት ከመቶ በላይ በር አንኳኩቷል። በየበሩ ያንኑ ነገር ተናገረ፤ ስለ ጥሩምባው ለጠየቀውም ያንኑ ሁለት ቃል መለሰ። ሥራውን የጨረሰው አራት ሰዓት ሲሆን ነው። መቅዲም አንድ ሰዓት ላይ በቴሌግራም አስተላልፋ ነበር፤ ስለዚህ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

በእኛ ሰፈር የሟች ቃል ይከበራል። ደረት አይመታብኝ ብሎ የተናዘዘ አለ፤ ድንኳን አይተከልብኝ ያለም አለ፤ ሁሉም እንደ ቃሉ ተደርጎለታል። ቢላል ሱቅ በር ላይ ዳቦ ሊገዙ የቆሙ ሰዎች ስለ ጥሩምባው ዝምታ ሲነጋገሩ እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ጋሽ ዱጉማ ዛሬ አይነፋም አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም» አለች አንዲት ሴት።

«እንግዲህ ተናዘው ይሆናላ» አለ ቢላል። «ዝምታ የሚወዱ ሴት ነበሩ።»

እኩለ ቀን ላይ «ይሆናል» የሚለው ቀርቶ ወይዘሮ ወለተሰንበት ጥሩምባ አይነፋብኝ ብለው ተናዘዋል ሆነ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ሰው ከሰማው ላይ ጥቂት ጨመረበት፤ የጨመረበትም ለክብራቸው ብሎ ነው።

እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ዕቃ ቤቱን አስከፍቼ ድንኳኑን ለወጣቶቹ አስረክቤ ነበር። ዱጉማ ገና በየበሩ ስለነበር የከፈተችልኝ ኮከቤ ናት። ድንኳኑ ወይዘሮ ወለተሰንበት ግቢ ደርሶ ሲዘረጋ ከእጥፋቱ ውስጥ ነገሮች ድንጋዩ ላይ ረገፉ፤ የዶሮ አጥንት፣ ሁለት ቆርኪ፣ የነጠላ ዘርፍ፣ የጨርቁ አይጥ ጭራ። አብሮም መንፊያው ወደቀ፣ ድንጋዩ ላይ ክብ ሠርቶ ዞረና እግሬ አጠገብ ቆመ። ወጣቶቹ «አይጦቹ ዕቁብ ሳይጥሉ አልቀሩም» ብለው ሳቁና ገመድ ወደ መሳብ ተመለሱ። እኔ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። ቅቤው ገና ነበረበት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በር ላይ ዱጉማን አገኘሁት። እጁን ስጨብጠው መንፊያውን መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ምን እንደሆነ ሳያይ አወቀው።

«የት?»

«ድንኳኑ እጥፋት ውስጥ።»

«ማን አየ?»

«እኔ።»

«እሺ» አለና ኪሱ ከተተው። ሌላ አልተነጋገርንም። ከኮከቤ በቀር ማንም ስለማያውቅ ነገሩ በሦስታችን መካከል ሊቀር ይችል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ እንደ ሞላ፣ የጥር ቃሉም እንዳልተነካ ይቆጠርለት ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ቢሆን አልጠላም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጽንዓት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ጋሽ ፈቃደ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እማዬ ስለ ጥሩምባው የተናዘዘችው ለማን ነው?»

«እኔ አልሰማሁም» አልኳት። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም።

«ሦስት ዓመት አጠብኳት፣ አበላኋት። ሌሊት ውኃ ስትል የምነሣው እኔ ነኝ። ለኔ ያልነገረችውን ለማን ነገረች? ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። ምን በድያት ነው?»

አልቅሳ አልነበረም የተናገረችው፤ እንደ ሒሳብ አስባው ነው። በማግሥቱ ዱጉማ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳህን ሲቆጥር አግኝቼ የተናገረችውን ሁሉ ነገርኩት። ሳህኑን ቆጥሮ ጨረሰ። አንድ ጎድሎ ነበርና እንደገና ቆጠረ።

«እኔ እንዲህ በል አላልኩም» አለ።

«አላልክም።»

«አይነፋም ነው ያልኩት።»

«እሱን ነው ያልከው።»

ከዚያ በላይ አልገፋሁትም። ሰው ቃሉን ራሱ መመዘን አለበት።

የሚያዝያው ጠቅላላ ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተደረገ። ሰማንያ ሦስት አባል ተገኘ። ጽንዓትም በእናቷ ቦታ ተተክታ ጥቁሯን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣለች። ዱጉማ ካፖርቱን ለብሶ ነበር የመጣው፤ ከሞት ጥሪ ውጭ ለብሶት ስላልታየ ጥቂት ሰዎች ዞር ብለው አዩት።

ተሰማ የጥሩምባውን ጉዳይ አነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰማውን አምኗል። «ጋሽ ዱጉማ ሥራቸውን አጉድለዋል የሚል የለም» አለ። «ግን ሰፈሩ ራሱ እየተለወጠ ነው። በቅርቡ ያጣናቸው እናታችን ወይዘሮ ወለተሰንበት ጥሩምባ አይነፋብኝ ብለው እስከመናዘዝ ደርሰዋል። ቀብራቸው ላይ ደግሞ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ሰው ነው የተገኘው። ስለዚህ በእሳቸው ቃል መሠረት ጥሩምባው በክብር እንዲቀር ነው የምለው። ጋሽ ፈቃደ፣ ‹በሟች ኑዛዜ መሠረት› ብለው ይጻፉልኝ።»

ቀኑን ጻፍኩ፤ የተሰብሳቢውን ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ በራሴ ጥረት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያልሆነ ነገር በእጄ ጽፌ አላውቅም። ይህን ልናገር ስል ዱጉማ ተነሣ።

«አይጻፍ» አለ። «ወይዘሮ ወለተሰንበት ምንም አልተናዘዙም።»

«እንዴት?» አለ ተሰማ።

«ያልነፋሁት መንፊያው ጠፍቶብኝ ነው። ድመቴ ወስዳው ነው።»

ከፊት ያለ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ዱጉማ ሳቁ እስኪያልቅ ኮፍያውን ይዞ ቆመ።

«ሎሚ ናት?» አለች መቅዲ።

«ሎሚ ናት። ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም። ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ ያጫወትኳት እኔ ነኝ። ሌላ መጫወቻ አልወድ አለች። ያን ሌሊት ከትራሴ ሥር አውጥታ ድንኳኑ እጥፋት ውስጥ ደበቀችው። ጠዋት አጣሁት፤ አፈርኩና አይነፋም አልኩ። የቀረውን ሰው ጨመረበት። የሰው ጭማሪ ሲደርሰኝም ዝም አልኩ፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።» ወደ ኋላ ዞሮ ጽንዓትን አየ። «ጽንዓት፣ እናትሽ ካንቺ የደበቁት ነገር የለም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጽንዓት ተነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ዱጉማ» አለች። ቀጥላም፣ «እማዬስ ጥሩምባውን አትወደውም ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ሲነፉ ልቤ ትወልቃለች ትል ነበር። ግን አልተናዘዘችም» አለችና ተቀመጠች። አሁንም ተሳቀ፤ ዱጉማም ጥቂት ፈገግ አለ።

ተሰማ ግራ ተጋብቶ ወረቀቱን አገላበጠ። «እንግዲህ እንዲያ ከሆነ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ድመት ወሰደችው ብሎ ሰው አይቀጣም። ጋሽ ዱጉማ፣ ይቀጥሉ።»

«ይቀጥሉ» ያለ ብዙ ሰው ነበር። ድምፅ ቢሰጥ ያልፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«አይሆንም» አለ ዱጉማ። «ፈቃደ፣ የጥርን ስብሰባ ገጽ አንብብ።»

«ዱጉማ፣ ሰው ተወው እያለ ነው» አልኩት።

«አንብበው።»

አነበብኩት። አንድ ቀን የሞት ጥሪ ሳልነፋ የቀረሁ ዕለት ጥሩምባውን ማንም ሳይጠይቀኝ አስረክባለሁ የሚለው እንዳለ ነበር። ድመት ከሆነች በቀር የሚል የለበትም።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ ዱጉማ። «አስረክባለሁ።» ከካፖርቱ ሥር ጥሩምባውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ መንፊያውን ከአጠገቡ አደረገ። ካፖርቱን ለብሶ የመጣበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባን።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ተሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስልክ የሌላቸው ሠላሳ ስምንት ቤቶች አሉ። ለእነሱስ ማን ይነግራቸዋል?» አለ።

«እኔ እነግራለሁ። በር ላለማንኳኳት ቃል አልገባሁም።»

«እንዳለፈው?»

«እንዳለፈው። በር ሲንኳኳ ሰው ይመጣል፣ አይታችኋል።»

ይህ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ተሰማ ወደ እኔ ዞሮ ጥሩምባው ዕቃ ቤት እንዲገባ ርክክቡ ይጻፍ አለ። ደንባችን ወደ ዕቃ ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ በአስረካቢና በዕቃ ጠባቂ ይፈረም ይላል። ዕቃ ጠባቂው ደግሞ ዱጉማ ነው። ተሰማ በዚህ ትንሽ ተቸገረ፤ ሌላ ሰው እንወክል ወይ አለ። ዱጉማ አያስፈልግም አለ።

በሁለት ቅጂ ጻፍኩት። አንድ ጥሩምባ፣ አንድ መንፊያ፣ ሁለቱም የሚሠሩ። አስረካቢ፣ ዱጉማ ሚደቅሳ። ተረካቢ፣ ዱጉማ ሚደቅሳ። ወረቀቱን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «የሚሠሩ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ደህና ነው» አለ። መጀመሪያ በአስረካቢው ቦታ፣ ቀጥሎ በተረካቢው ቦታ ፈረመ። እኔም በጸሐፊው ቦታ ፈርሜ አንዱን ቅጂ ለእሱ ሰጠሁት፤ ሌላውን መዝገቡ ውስጥ አደረግሁት።